ያወቁትን አለመርሳት
ባሕር ማዶ የዘመተ ወታደር ራስን የመከላከል ልምምዱን ስለ ማቆየቱ ለጎልማሶች የተዘጋጀ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወታደር ነው። የጦርነት ወሬ ልናወራ ግን አይደለም። አገሩን ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ወታደር የተማረውን ራስን የመከላከል ጥበብ እንዳይረሳ ምን እንደሚያደርግ ነው የምንነጋገረው።

«ይህ ለእኛ ለገበሬዎች ምን ይረባናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከወሎ ቦረናም ሆነ ከሳይንት፣ ከወግዲም ሆነ ከከላላ ወይም ከለጋምቦ፣ ወታደር ሆኖ ከቤቱ የሚወጣ ልጅ የእኛው ልጅ ነው። ምን እንደሚገጥመው ብናውቅ እንመክረዋለን። ሁለተኛ፣ እኛም ፊደል ቆጥረን፣ ማንበብ ጀምረን፣ ያወቅነውን እንዳንረሳ የምንታገል ነን። የወታደሩ ችግርና የእኛ ችግር ዘመዳሞች ናቸው።

ያልሠራ ሁሉ ይዝጋል

ማጭድ ከአጨዳ እስከ አጨዳ ጥግ ላይ ከተጣለ ይዝጋል። የተገራ በሬ ብዙ ጊዜ ሳይጠመድ ከከረመ ቀንበር ይሸሻል፤ እንደገና መግራት ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

የሰው አካልም እንዲሁ ነው። በየቀኑ ይሮጥ የነበረ ሰው ሩጫውን ሁለት ሦስት ሳምንት ቢተው፣ ትንፋሹ እየቀነሰ፣ ጉልበቱ እየላላ ይሄዳል። እጅና እግር የለመዱትን ወዲያው አይረሱም። ግን ይዘገያሉ። ለወታደር ደግሞ መዘግየት ትልቅ አደጋ ነው። በጨለማ ድንገት ጠላት የያዘው ወታደር «እንዴት ነበር የተማርኩት?» ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። እጁ ራሱ ማወቅ አለበት።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። እውነት ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ልምምድ አያድንም። የሚያድነው በደህና ቀን፣ ምንም በሌለበት ቀን፣ ሳይሰለቹ የተሠራው ልምምድ ነው።

ከቃኘው ሻለቃ የምንማረው

ከአገራችን ወታደሮች መካከል ባሕር ማዶ በመዝመት ስማቸው በጣም የሚነሣው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ኮሪያ በሩቅ ምሥራቅ ያለች አገር ናት። በሰኔ ወር 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡብ ኮሪያን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እንዲረዱ ጠየቀ። አገራችን ደግሞ የወረራን ነገር በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ጣሊያን ሲወርራት፣ በዚያን ጊዜ የነበረው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አላዳናትም። ስለዚህ ጥሪውን ተቀብላ ጦር ላከች።

የተላከው ጦር ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ነበር። ሻለቃው «ቃኘው» ተባለ። ቃኘው የራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ወታደሮቹ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ተጓዙ። የባሕሩ ጉዞ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ።

እስቲ ይህን እናስብ። ተራራ ለተራራ ሲሄድ የኖረ ደገኛ፣ ሦስት ሳምንት መርከብ ላይ ተቀምጦ ሲከርም ምን ይሆናል? ሰውነቱ ይላላል። አየሩ ይለወጥበታል። መሬቱ፣ ቋንቋው፣ ምግቡ ሌላ ይሆንበታል። ታዲያ ፑሳን ወደብ ሲደርሱ፣ የሰለጠኑ ወታደሮች ናቸው ተብሎ በቀጥታ ወደ ግንባር አልተላኩም። ለሳምንታት እንደገና ልምምድ አደረጉ። የሚይዙት መሣሪያ አሜሪካ ሠራሽ ስለ ነበር አያያዙን ተማሩ። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካኖች 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ።

እዚህ ላይ የምንይዘው ቁም ነገር አለ። «እኔ ሰልጥኛለሁ፣ ይበቃኛል» ማለት አይበቃም። አገር ሲለወጥ፣ አየር ሲለወጥ፣ መሣሪያ ሲለወጥ፣ ልምምዱም እንደገና መታየት አለበት።

የቃኘው ወታደሮች በተለይ በሌሊት ቅኝትና በጨበጣ ውጊያ ስም አወጡ። ጨበጣ ማለት ተኩስ አልፎ ሰው ከሰው የሚያያዝበት ውጊያ ነው። እዚያ ላይ ወታደሩን የሚያድነው ሳንጃው፣ ክንዱና ልቡ ነው። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያኑን የሌሊት ቅኝት አድንቆ ጽፏል። ከኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል በጦርነቱ ጊዜ በጠላት እጅ የተማረከ አለመኖሩም እስከ ዛሬ በኩራት ይነገራል።

ይህ ኩራት ግን ዋጋ ተከፍሎበታል። ጦርነቱ በሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት ሲቆም፣ ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራቸው ዘምተው ነበር። ከ120 በላይ ሞተዋል። ከ500 በላይ ቆስለዋል። ልምምድ ከሞት ሁሉ አያድንም። በቸልታ ከሚመጣው ሞት ግን ያድናል። ለእናትም ሆነ ለአዛዥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኮሪያ ሰዎች ያደረጉት

ኮሪያውያንም ከዚያ ጦርነት በኋላ ራስን የመከላከል ጥበባቸውን አጠናከሩ። ቾይ ሆንግ ሂ የተባሉ የኮሪያ ጄኔራል ባዶ እጅ የመታገልን ጥበብ ለወታደሮቻቸው ያስተምሩ ነበር። ይህ ጥበብ በ1947 ዓ.ም. «ቴኳንዶ» ተባለ። ትርጉሙ የእግርና የእጅ መንገድ ማለት ነው። በኋላ የደቡብ ኮሪያ ጦር ወደ ቬትናም ሲዘምት የቴኳንዶ አሰልጣኞች አብረውት ሄዱ። ወታደሩ በሰው አገር ሆኖም ልምምዱን አልተወም።

ዛሬ ቴኳንዶ በአገራችንም በብዙ ከተሞች ይሰጣል። ባዶ እጅ መታገል ግን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እረኞች በሜዳ ላይ ትግል ይገጥማሉ፤ በዱላ መመከት ይለማመዳሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ወታደሩ በሥርዓት፣ በሰዓት፣ በአሰልጣኝ ፊት ይሠራዋል። እረኛው በጨዋታ ይሠራዋል። ጥቅሙ ግን አንድ ነው። ዓይን ፈጣን ይሆናል፤ እግር መሬት ይቆነጥጣል።

ሰላም ለማስከበር ሲሄዱ

ከኮሪያ በኋላ ወታደሮቻችን ሰላም ለማስከበር ወደ ብዙ አገር ሄደዋል። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ኮንጎ የሄደው ጦር የመጀመሪያው ነው። በኮሪያ የኢትዮጵያን ጦር የመሩት ከበደ ገብሬ፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል ሆነው፣ ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በሙሉ አዝዘዋል። ከዚያም ወዲህ ወታደሮቻችን በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ አገልግለዋል። በሁለቱ ሱዳኖች መካከል ባለችው በአብዬ፣ ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የሰላም ማስከበሩ ጦር ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያዊ ነበር።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት አይደል? ከሰላም ቦታ ተነሥቶ ለሌላው ሰላም ሊጠብቅ የሚሄድ ሰው ሥራው ከውጊያ ይለያል። እንዲያውም ይከብዳል።

ለምን ይከብዳል? ሰላም አስከባሪ ሦስት ሕግ አለው። አንደኛ፣ የሚገባው ተጣዪዎቹ ፈቅደው ነው። ሁለተኛ፣ ለማንም አያዳላም። ሦስተኛ፣ ራሱን ለመከላከልና የተሰጠውን አደራ ለመጠበቅ ካልሆነ በቀር ኃይል አይጠቀምም። ስለዚህ ቀኑ የሚያልፈው በጥበቃ፣ በመኪና ቅኝት፣ በሰፈር ውስጥ በመቀመጥ ነው። ሳምንት ሙሉ ምንም አይሆንም። ወር ሙሉ ምንም አይሆንም። በዚህ ጊዜ ስንፍና ይገባል። «ምን ሊመጣ ነው?» ይባላል። ልምምዱ ይቀራል። አንድ ቀን ግን የተቆጣ ሕዝብ በሩ ላይ ይቆማል፤ ወይም ድንጋይ ይወረወራል፤ ወይም አንዱ የወታደሩን ጠመንጃ ይይዛል።

ያን ጊዜ ያልተለማመደ ወታደር ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል። ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይተኩሳል። የተለማመደው ግን በመካከል ያለውን ያውቃል። በቃል ማብረድን ያውቃል። ርቀቱን ጠብቆ መቆምን ያውቃል። እጁን ማስለቀቅን፣ ሰው ሳይጎዳ መያዝን፣ ጓደኛውን መሸፈንን ያውቃል። እንግዲህ ራስን የመከላከል ልምምድ ሰው ለመግደል የሚደረግ አይደለም። ሳይገድሉ ለመዳን የሚደረግ ነው።

ልምምዱ እንዴት ይቆያል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ባሕር ማዶ ያለ ወታደር ሜዳ የለውም፣ ጊዜ የለውም፣ አንዳንዴም አሰልጣኝ የለውም። ታዲያ ምን ያድርግ?

1ኛ. ትንሽም ቢሆን በየቀኑ ይሥራ። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመሥራት፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መሥራት ይበልጣል። እርሻም ቢሆን በአንድ ቀን አያልቅም።

2ኛ. መሠረቱን አይተው። ከባድና የሚያምር ዝላይ አያስፈልግም። አቋቋም፣ እርምጃ፣ መከላከል፣ መውደቅና መነሣት ይበቃል። እግሮቹን በትከሻው ስፋት ልክ ከፍቶ፣ ጉልበቱን ጥቂት አጠፍ አድርጎ የቆመ ሰው በቀላሉ አይወድቅም። ሁለቱን እግሮቹን ገጥሞ የቆመ ግን ሕፃን ይጥለዋል።

3ኛ. ርቀት መጠበቅን ይለማመድ። የማያውቁት ሰው እጁን ዘርግቶ ሊነካን ከሚችልበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ መቆም ጊዜ ይሰጣል። ጊዜ ያለው ሰው ያስባል።

4ኛ. ማስለቀቅን ይለማመድ። አንድ ሰው የእጃችንን አንጓ ቢጨብጠን የጭብጡ ደካማ ቦታ የት ነው? አውራ ጣቱ ያለበት ነው። አራቱ ጣቶች በአንድ በኩል ናቸው፤ በሌላው በኩል ያለው አውራ ጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ክንዳችንን ወደ አውራ ጣቱ በኩል አዙረን ብንነጥቅ ይለቃል። በጉልበት ወደ አራቱ ጣቶች ብንጎትት ግን አይለቅም። ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት።

5ኛ. ጓደኛ ይያዝ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ሁለት ሆነው የሚሠሩ ይጠባበቃሉ፣ ይተራረማሉ። ያላወቀውን የሚያስተምር ደግሞ የራሱን ዕውቀት ያጠነክራል። ግን በልምምድ ጊዜ ጓደኛን መጉዳት ነውር ነው። «በቃ» ሲል ወዲያው መተው ያስፈልጋል።

6ኛ. አየሩን ይወቅ። ከመካነ ሰላም ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ሙቀቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል። ከደጋ ወጥቶ እንደ አብዬ ባለ ቆላ የሚሰፍር ወታደርም ልምምዱን ማለዳ ወይም ፀሐይ ሲበርድ ማድረግ አለበት። ውኃ ሳይጠማው መጠጣት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ፣ ሰውነቱ እየለመደ ሲሄድ እየጨመረ ይሥራ። በቀትር ፀሐይ ጀግንነት ላሳይ ያለ ሰው በሙቀት ይወድቃል፤ ሊሞትም ይችላል።

7ኛ. ይተኛ፣ ይብላ፣ መጠጥ ይጠንቀቅ። ሌሊት ሲጠጣ ያደረ ሰው በማለዳ ዓይኑ ይዘገያል።

ልምምድ ሰውን የት ያደርሳል?

ከኮሪያ ዘማቾች አንዱ በኋላ ዓለም ያወቀው ሯጭ ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከተኩስ ማቆሙ ዘመን ጀምሮ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ኮሪያ ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ገና ብዙ ሳይቆይ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን የኦሊምፒክ ውድድር ላይ ለአገሩ ሮጠ። በዚያ ጊዜ ምንም ሜዳልያ አላገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን «አልሆነልኝም» ብሎ ይተወው ነበር። እሱ ግን አልተወውም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አመጣ። ዕድሜው 36 ነበር። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ሙኒክ ላይ ደግሞ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው። 12 ዓመት ሳያቋርጡ መሥራት ማለት ይህ ነው።

የተለማመደ እጅና የተገራ ልብ

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ጉልበት ያለ ልብ ክፉ ነው። ልጅ ከግዳጅ ሲመለስ እጁ የሰለጠነ ነው። ያ እጅ በገበያ ቀን ለጠብ ቢነሣ፣ በወሰን ክርክር በጎረቤት ላይ ቢነሣ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቤት ውስጥ በሚስት ወይም በልጅ ላይ ቢነሣ፣ ያ ወታደር የተማረውን ረስቷል ማለት ነው። ምክንያቱም የመጀመሪያው ትምህርት ራስን መግዛት ነው። በእኛ አገር ጠብ ሲመጣ ሽማግሌ አለ፣ ሕግ አለ። ብርቱ ሰው ማለት መምታት እየቻለ የሚታገሥ ነው።

የቃኘው ወታደሮች በዚህም ምሳሌ ናቸው። በኮሪያ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ፣ ጦርነቱ ወላጆቻቸውን ለነጠቃቸው ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ረድተዋል። ሌሊት ሳንጃ የያዘ እጅ ቀን ሕፃን ያበላ ነበር።

የእኛ ድርሻ

እኛ እቤት የቀረነውስ ምን እናድርግ? ልጃችን ሩቅ አገር ካለ እንጻፍለት። በስልክም እናግኘው ይሆናል፤ ደብዳቤ ግን ተመልሶ ይነበባል፤ በኪስ ይያዛል። ዱሮ ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢ ፍለጋ እንሄድ ነበር። የቤታችን ምሥጢር በሰው አፍ ይነበብ ነበር። አሁን ራሳችን እናነባለን። ራሳችን እንጽፋለን። «ደህና ነን። ገብሱ ደርሷል። ላሚቱ ወልዳለች። ልምምድህን አትተው። ራስህን ጠብቅ። ሰው አትበድል» ብለን በገዛ እጃችን እንጽፍለታለን። ይህ ለወታደር ስንቅ ነው።

እኛም የራሳችን ልምምድ አለን። ፊደል የቆጠረ ሰው ማንበቡን ቢተው ፊደሉ ይጠፋበታል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊደል ተምሯል። ከእነሱ ውስጥ ሳያነቡ ቆይተው የረሱ ብዙ ናቸው። ጥፋቱ የአእምሮ ማነስ አይደለም። የልምምድ መቋረጥ ነው። የሚነበብ ነገር ካጣን ያገኘነውን እናንብብ። የማዳበሪያውን ከረጢት፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የግብር ደረሰኙን፣ የልጃችንን ደብተር እናንብብ። በማዳበሪያው ከረጢት ላይ ያለውን ኪሎ ያነበበ ገበሬ አይታለልም። ደረሰኙን ያነበበ ገበሬ ሁለቴ አይከፍልም። ይህም ራስን መከላከል ነው።

ወታደሩ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይለማመድ አልን። እኛም በየማታው፣ እራት እስኪደርስ፣ አንድ ገጽ እናንብብ።



ከንግግሩ በኋላ እንወያይ

1. የቃኘው ወታደሮች ኮሪያ ሲደርሱ ወደ ግንባር ከመሄዳቸው በፊት ለምን እንደገና ተለማመዱ?

2. የሰላም አስከባሪ ሥራ ከውጊያ የሚከብደው በምን በምን ነው?

3. አንጓችንን የጨበጠን ሰው በየት በኩል እናስለቅቀዋለን? ምክንያቱስ?

4. በዚህ ሳምንት ውስጥ ምን አነበባችሁ? ለጎረቤታችሁ ንገሩት።